ጥለቱን ወድደን ሸማኔውን ስንንቅ

ለችግረኛ ልብስ ስንሰጥ፣ ገላውን ከሸፈነለት ይበቃዋል እንላለን። ለመሆኑ ውበት ለድኻ ትርፍ ነገር ነውን?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንዳንድ የታወቁ የጥበብ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ሰጥተዋል። እንግሊዛዊው ቀራጺ ሔንሪ ሙር ለጨርቅ የሚሆን ንድፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ የፒካሶና የሻጋል ንድፎች የታተሙበት ጨርቅ በአሜሪካ እየተለካ ለማንኛውም ገዢ ይሸጥ ጀመር።

በእኛም አገር፣ ያኔ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረችው ባሕር ዳር፣ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። ርካሽ ጨርቅ ለብዙዎች መድረሱ መልካም ነው። ነገር ግን ከፋብሪካው እጅግ አስቀድሞ ለገበሬው ቤተሰብ ልብስ ውበትን የሚያስብ የጥበብ ሰው በመካከላችን ነበረ፤ ዛሬም አለ። እርሱም ሸማኔው ነው። ሴቶች በእንዝርት የፈተሉትን ጥጥ ተቀብሎ፣ ድሩን ከማጉ አዋሕዶ፣ በጠርዙ ላይ ጥለቱን በኅብር ያወጣል።

ያን ኩታ በበዓል ለብሰን እንኮራበታለን፤ የሠራውን እጅ ግን ስንንቅ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ ስለ ሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጅ ግን አንደበትን ቢገታ እንጂ ልብን አያቀናም።

ውድ አንባብያን፣ ድኻ ውበት የሚገባው ከሆነ፣ ውበቱን የሚሠራለትም ክብር ይገባዋል። በደብረ ማርቆስ ገበያ ኩታውን አድንቀን የምንገዛ ሁላችን፣ ነገ ያው ሸማኔ ለልጁ ልጃችንን ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? መልሳችንን ከአሁኑ በኅሊናችን እንመርምር።