ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ሜዳ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው ደረቴን ገፋ አድርገው «ወደ ኋላ በል ልጄ፤ መስመሩን አታጣምምብን» አሉኝ። ዞር ዞር ብዬ መስመሩን ፈለግሁ። የተወጠረ ገመድ የለም። የተተከለ እንጨት የለም። በኖራም በአመድም የተሰመረ ነገር አላየሁም። ሁለት ረድፍ ሰው ግን ፊት ለፊት ተያይቶ ቆሟል። መስመሩ እኔ ራሴ ነበርሁ።

«እሺ አባቴ» ብዬ አንድ እርምጃ አፈገፈግሁና ትከሻዬን ከማላውቀው ሰው ትከሻ ጋር አስተካከልሁ። ያኔ ነው አሥር ወር ሙሉ ከሰው ጋር እንደዚያ ተጠጋግቼ እንዳልቆምሁ ትዝ ያለኝ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 22 ቀን ባሕር ዳር፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራና ቲሊሊ ለ14 ቀን ተዘጉ። ቲሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲወጡ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሽታው የሬዲዮ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ደጃችን የደረሰው ያን ቀን ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። በአራት ሰው ለፈረስ መንገድ አይሠራም።

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» እንላለን። አባባሉ ለፎካሪ የሚወረወር ነው፦ እችላለሁ ካልህ ምክንያት አታብዛ፣ የሚያስፈልግህ ሁሉ ቀርቦልሃል። ልጅ ሆኜ ስሰማው ለግልቢያ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ደረቴን ሲገፉኝ ግን አባባሉ በስም ያልጠራው ሦስተኛ እንዳለ ገባኝ። «ይኸው» የሚለው ቃል ብቻውን ለቆመ ሰው አይወጣም። የሚያሳይ አለ፣ የሚያይ አለ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ «እስቲ እንይህ» የሚል ቃል ያልወጣው ስምምነት አለ። ፈረስ ሜዳ ካገኘ ብቻውንም ይሮጣል፤ ጠዋት ከበረት ሲለቀቅ ያየ ያውቀዋል። ያ ሩጫ ግልቢያ የሚሆነው መቼ ነው? ማን ሲጨመርበት?

ዓለም ይህን ጥያቄ በዚያ ዓመት ሳያስበው ፈትኖታል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ1861 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የሜልበርን ዋንጫ በ2020 ያለ ተመልካች ተሮጠ። የአሜሪካው ኬንታኪ ደርቢም ከሜይ ወደ ሴፕቴምበር ተገፍቶ ባዶ ወንበር ፊት ተካሄደ። እንግሊዞች ደግሞ ግራንድ ናሽናል የሚሉትን ውድድራቸውን ሰርዘው በኮምፒውተር የተሠራ ግልቢያ በቴሌቪዥን አሳዩ፤ ሚሊዮኖች ሶፋቸው ላይ ሆነው ተከታተሉት። ሜልበርን ላይ ፈረስና ሜዳ ኖሮ ሰው ጠፋ። እንግሊዝ ላይ ሰው ኖሮ ፈረሱም ሜዳውም ጠፋ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በንጉሡ ዘመን ፈረስ ይሽቀዳደምበት፣ ጉግስ ይጫወቱበት የነበረው ጃንሜዳ፣ ፒያሳ አትክልት ተራ ያለውን መጨናነቅ ለመቀነስ ተብሎ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆነ። እዚያ ሜዳም ሰውም ነበረ፤ ፈረስ አልነበረም። ለጥምቀት ተጠርጎ ታቦታቱ እስኪመለሱበት ድረስ ወራት አልፈዋል።

ሜልበርን ላይ ያለ ሰው መሮጥ የተቻለው ሜዳው የራሱ አጥር ስላለው ነው። ቀዳሚውን ካሜራ ይለየዋል፣ ሽልማቱ በባንክ ይገባል። ሰው ቢቀር ውድድሩ ይጎድላል እንጂ አይቀርም። እኛ ዘንድስ? ሰውን ከዚያ የቡሬ ሜዳ ላይ አንሡና ምን ይቀራል? በጥር የደረቀ ሣር፣ የከብት ዱካ፣ ከዚያ ማዶ ክምሩ ተወቅቶ ባዶውን የቀረ ውድማ። መንገዱ ሰው ነው፤ ዳኛው የሰው ዐይን ነው፤ ሽልማቱም የሰው አፍ ነው።

ስለ አፍ አንድ ነገር ልጨምር። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ የእኛውን በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር እንላለን። በየትኛውም አገር ሰው ለፈረሱ ስም ያወጣል፤ እኛ ግን ሰውየውን ራሱን በፈረሱ ስም ጠራነው። ይህ ስም እንደ ኮርቻ በገንዘብ አይገዛም። ሰውየው ሲፎክር ራሱን «አባ እገሌ» ቢል፣ የሚቀበለው ካላገኘ ጩኸት ሆኖ ይቀራል። ፈረሱ ሞቶ፣ ባለፈረሱም አልፎ፣ ስሙ እስከ ዛሬ የቆየው አንድ ቀን ሜዳ ዳር ቆሞ የሰማ ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ስለገባ ነው።

ፒታጎራስ ሕይወትን ከኦሎምፒያ ጨዋታ ጋር አመሳስሎ ነበር ይባላል፤ ታሪኩን ሮማዊው ሲሴሮ ጽፎታል። ወደ ጨዋታው ከሚመጡት አንዳንዱ አክሊል ፍለጋ ይመጣል፣ አንዳንዱ ለንግድ፣ ጥቂቶች ደግሞ ለማየት ብቻ፤ ፈላስፎች እንደነዚህ እንደ መጨረሻዎቹ ናቸው። ይህን ሐሳብ ለብዙ ዓመት ወድጄው ኖሬያለሁ። ዳር ቆሞ፣ ሳይነኩ፣ ሳይፈልጉ ማየት የንጹሕ አእምሮ ሥራ ይመስለኝ ነበር። የሽማግሌው ዘንግ ግን ይህን ከውስጤ አወጣው። በዚያ ሜዳ ላይ «ለማየት ብቻ» የሚቆሙበት ቦታ የለም። ለማየት የቆምህበት ቦታ ሁሉ የመንገዱ አካል ነው፤ ብታጠብበው ፈረሱን ታሰናክላለህ፣ ብትለቀው ከኋላህ ያለውን ሕፃን ታስመታለህ። እንዲያውም ግሪኮቹ ራሳቸው ቴዎሮስ የሚሉት ሰው ነበራቸው፤ የሌላ ከተማ በዓል ሲከበር በአገሩ ስም ተልኮ ሄዶ የሚታደም ሰው። እርሱ የሚቆመው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ለእኔ ከፒታጎራስ ተመልካች ይልቅ እርሱ ይቀርበኛል።

አማርኛም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ተመልካች ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ቴሌቪዥንም ተመልካች አለው። ታዳሚ ግን በአካል ይገኛል፣ ቦታ ይይዛል፣ ቢቀር «የት ጠፋህ» ይባላል። በስልኩ የሠርግ ቪዲዮ አይቶ «ታደምሁ» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

በተዘጋንባቸው ወራት ፍኖተ ሰላም ቤቴ ተቀምጬ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን 80ኛ ዓመት በዓል ደጋግሜ በስልኬ አይቻለሁ። ማኅበሩ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ በ1932 የተመሠረተ ነው፤ አባላቱ ዛሬ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ። 80ኛው የተከበረው በሽታው አገራችን ሊገባ አንድ ወር ከምናምን ሲቀረው ነበር። ምስሉ ጥሩ ነው፤ ሜዳ ላይ ሆኜ የማላየውን ሁሉ ያሳየኛል፣ ከላይም ከጎንም። ሆኖም ውስጤ አልሞላም፤ ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ስልኩ ውስጥ ያለው ፈረስ ከእኔ የሚፈልገው ነገር የለም። ብነሣ፣ ብተኛ፣ ሻይ ላፈላ ብሄድ ያው ይሮጣል። መሬቱ ከእግሬ ሥር አይንቀጠቀጥም። ወደ እኔ አይስትም፤ ስለማይስትም «ስቶ አልመታኝም» ብዬ የማመሰግንበት ነገር የለኝም።

አሁን ወደ ሜዳው ልመለስ። ከወዲያ ጫፍ እልልታ ተሰማና ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የመጣው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ነው፤ ቀይ ግላስ ለብሷል። ጋላቢው ባዶ እግሩን ነው፤ አውራ ጣቱን ብቻ በእርካቡ ቀለበት አሹልኮ፣ ተረከዙን ወደ ውጭ ገልብጦ፣ ዛቡን በግራ እጁ ሰብስቧል። ፊቱን ሳየው አወቅሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት ቡሬ ላይ አንድ ጆንያ በርበሬ በጋሪው ያደረሰልኝ ልጅ ነው። ፈረሱም ያው ፈረስ ነው። ያን ቀን ከጀርባው ሦስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ ከተማውን አቋርጫለሁ፤ ሒሳብ ተከራክሬያለሁ፤ የግንባሩን ነጭ አይቻለሁ። ፈረሱን ግን አላየሁትም ነበር።

ይህ አስደነገጠኝ። የኛ ከተሞች በጋሪ ያደጉ ናቸው፤ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ፈረስ ሳያዩ መዋል አይቻልም። በየቀኑ የሚያልፍብን ፍጡር አንድ ቀን ግላስ ለብሶ፣ ሁለት ረድፍ ሰው ተሰልፎለት ሲመጣ እንባ የሚያመጣብን ለምንድን ነው? ጉልበቱ ያው ነው፣ ባለቤቱም ያው። የተለየው እኛ ለእርሱ ብለን ሥራ ፈትተን መቆማችን ነው። ሰው ለአንድ ነገር ብሎ ከቆመ ያ ነገር ይገለጥለታል፤ እየሄደ ካየው ግን ያልፈዋል። ታዲያ በዚያ ዓመት ከሁሉ የራበን መሰባሰብ ብቻ ነበር ብዬ አላምንም። አብሮ የመቆም ረኃብ ነበር።

የለቅሶው ነገር ደግሞ አለ። በእኛ አካባቢ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በለቀስተኛው ፊት ይመራል። ባዶውን ኮርቻ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ሙሾው የሚነሣው ከዚያ ነው። በክልከላው ወራት ቀብር በጥቂት ሰው ይፈጸም ነበር። ባዶ ኮርቻ ያለ ዐይን ምንድን ነው? ቤተሰቡ ያዝናል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሐዘኑን የሚመሰክርለት አገር አላገኘም። ለጥምቀት ተመልሰን ሜዳ ላይ ስንቆም ሳይታዩ የተሸኙት ሰዎች ቦታ በየረድፉ መሐል ይታወቅ ነበር። ከጎኔ ያሉ ሰዎች «እንትና ቢኖር ኖሮ» እያሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ከጥምቀቱ በኋላ ጥር 23 እንጅባራ ሄድሁ፤ 81ኛው ነበር። ብርዱ እንደ ወትሮው ነው። አንዳንዱ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጓል፣ አንዳንዱ አገጩ ላይ አንጠልጥሎታል፣ ብዙው ባዶ ፊቱን ነው። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ጥንቁቅ ነበሩ፤ ፈረሰኞቹ እስኪቀርቡ አፋቸውን ሸፍነው ይቆያሉ፣ ሲደርሱ በሁለት ጣት ዝቅ ያደርጉና እልል ይላሉ፣ መልሰው ይሸፍናሉ። እልልታ በጨርቅ ውስጥ አይወጣም። ደግመው ደጋግመው ሲያደርጉት እያየሁ ሁለቱንም ፍላጎታቸውን ወደድሁላቸው።

መሄዴ ትክክል ነበር? ይህን ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። ክትባቱ አገራችን የገባው በዚያ ዓመት የካቲት መጨረሻ ነው፤ እኔ እንጅባራ ስቆም ገና አልነበረም። ቤት ውስጥ የታመሙ እናት አሉኝ። ተመልሼ ሁለት ሳምንት ከእርሳቸው ክፍል ሳልገባ በር ላይ ቆሜ እያወራኋቸው ሰነበትሁ። ስለ ደስታዬ የከፈሉት እርሳቸው ናቸው፤ አልጠየቅኋቸውም ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ግን በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ነገር አሰብሁ፦ የሜዳው የሰው አጥር ሥራው ምንድን ነው? ከፊት ለሚሮጠው መንገድ መክፈት፣ ከኋላ ላለው ደካማ ጋሻ መሆን። በ2012 ቤታችን ስንቀመጥ የሠራነውም ይህንኑ ነበር። ያኔ አጥሩ ተራርቆ ቆመ፤ አሁን ተጠጋግቶ ቆመ። ቦታውን ለቆ የሄደ ሰው አጥፊ የሚሆነው በሁለቱም ጊዜ ነው፤ እኔም በአንዱ ቀን ቦታዬን ለቅቄ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ በሽታው ተረስቷል፤ ሜዳ ላይ መሰብሰብ የሚያስፈራበት ሌላ ዘመን መጥቶብናል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ፍኖተ ሰላም ያየችውን እዚህ አልዘረዝረውም። ስሟ በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መንገድ ደግሞ ሰው ወጥቶ ካልቆመበት እንደማይኖር ስለማውቅ፣ ስሟን በጠራሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

የቡሬው ቀን ወደ ማለቂያው፣ ዳማው ፈረስ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልፍ፣ ከአፉ የተነሣ አረፋ እጄ ላይ አረፈ። ሞቃት ነበር። ረድፉ ፈረሱ ሲደርስ ይሰፋል፣ ሲያልፍ መልሶ ይገጥማል፤ ማንም አላዘዘም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ዘንጋቸውን ወደ ብብታቸው ከተቱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ውኃ ተጎንጭቼ እስክመለስ ቦታዬን ያዝልኝ።»

እግሬን ሰፋ አድርጌ ቆምሁ። በክፍተቱ አንድ ልጅ አንገቱን ሊያሾልክ ሲሞክር ትከሻውን ይዤ ወደ ኋላ መለስሁት። ከሜዳው ማዶ አቧራ ተነሣ።