የራስ እጅ አይኮረኩርም

እስቲ አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ፣ በቀኝ እጃችሁ የግራ ብብታችሁን ኮርኩሩ። ምንም የለም፣ አይደል? እጁ መንካቱን ታውቃላችሁ፣ ቆዳውም ይሰማዋል፤ ሳቅ ግን አይመጣም። ያንኑ ነገር ታናሽ እህታችሁ ወይም አንድ ተንኮለኛ ጓደኛ ቢያደርገው ኖሮ ስልኩን ጥላችሁ ትነሱ ነበር። ጣት ያው ጣት ነው፣ ብብቱም ያው ብብት። የተለወጠው የጣቱ ባለቤት ብቻ ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። በአርስቶትል ስም በሚታወቁት የጥያቄዎች መጻሕፍት ውስጥ ሰው ራሱን ለምን መኮርኮር እንደማይችል ተጠይቋል። ዳርዊንም እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ አንስቶታል፤ የሚነካው ቦታ አስቀድሞ መታወቅ የለበትም የሚል ግምት ነበረው። ሲሰማ የልጅ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ስለ ጠብ፣ ስለ በቀልና ስለ ፍትሕ ከምንጠይቃቸው ከባድ ጥያቄዎች አንዱ እዚሁ ብብት ስር የተደበቀ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ከታች «ግልባጭ» ይላል፤ ዋናው ለተቀባዩ ይሄዳል፣ ግልባጩ ደግሞ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል። አንጎልም እንዲሁ ያደርጋል። ለእጅ ጡንቻ «ተንቀሳቀስ» የሚል ትእዛዝ ሲልክ አንድ ግልባጭ ለራሱ ያስቀራል። ከዚያ ግልባጭ ተነስቶ «አሁን እዚህ ቦታ፣ በዚህን ያህል ጉልበት፣ እንዲህ ያለ ስሜት ይመጣል» ብሎ ይተነብያል። ስሜቱ እንደተጠበቀው ከመጣ ድምፁን ይቀንሰዋል፤ «እሱማ እኔው ነኝ» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1950 ጀርመናውያኑ ኤሪክ ፎን ሆልስትና ሆርስት ሚተልሽቴት በደንብ አብራርተው ጽፈውታል።

ላብራቶሪ ሳትሄዱ ልታዩት ትችላላችሁ። ዓይናችሁን ወደ ግራና ቀኝ አንከባሉ፤ ክፍሉ ባለበት ይቆማል። አሁን የአንዱን ዓይን ጥግ በሽፋኑ ላይ በጣት ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጉት፤ ዓለም ትንቀጠቀጣለች። በሁለቱም ጊዜ ዓይን ተንቀሳቅሷል። ግን በሁለተኛው ለዓይን ጡንቻ የተላከ ትእዛዝ የለም፤ ስለዚህ ግልባጭ የለም፤ ስለዚህ አንጎል የሚቀንሰው ነገር አጣና «የተንቀሳቀሰው ውጭ ያለው ነው» ብሎ ደመደመ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሣራ-ጄን ብሌክሞር፣ ዳንኤል ዎልፐርትና ክሪስ ፍሪዝ ለንደን ውስጥ ሰዎች ራሳቸውን ሲኮረኩሩና ሌላ ሰው ሲኮረኩራቸው አንጎላቸውን በምስል አዩት። ራስን ሲኮረኩሩ ንክኪን የሚቀበሉት ክፍሎች ረገብ ብለው ተገኙ፤ ትንበያውን በማቀበል በኩልም ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬቤለም የሚባለው፣ እጁ እንዳለበት ታየ። በሚቀጥለው ዓመት ባወጡት ሥራ ደግሞ መሐል ላይ ሮቦት አስገቡ። ሰውየው በአንድ እጁ ሮቦቱን ያንቀሳቅሳል፣ ሮቦቱ በስፖንጅ የሌላኛውን እጅ መዳፍ ይነካል። ሮቦቱ ወዲያው ሲታዘዝ ብዙም አይኮረኩርም። ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ዘግይቶ እንዲታዘዝ ሲደረግ ግን መኮርኮሩ በረታ። እጁ የራሱ ነው፣ እንቅስቃሴውም የራሱ ነው፤ ግን ትንበያው ከሰዓቱ ጋር ስላልገጠመ አንጎል ነገሩን እንደ ባዕድ ንክኪ ቆጠረው።

ይህ ሥርዓት ብልህ ነው። የሸሚዛችን ኮሌታ አንገታችንን በነካ ቁጥር ብንደነግጥ ኖሮ አንገታችን ላይ የወጣውን ጉንዳን ለይተን አናውቅም ነበር። ከራሳችን የሚመጣውን ዝቅ ማድረግ ከውጭ የሚመጣውን ለመስማት ነው። ችግሩ ያ ውጭ ያለው ነገር ጉንዳን ሳይሆን ሌላ ሰው ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሱክዊንደር ሸርጊል፣ ፖል ቤይስ፣ ፍሪዝና ዎልፐርት አንድ በጣም ቀላል ሙከራ አሳተሙ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በየተራ አንዱ የሌላውን ጣት ይጫናል። መመሪያው አንድ ነው፦ የተጫነህን ያህል መልሰህ ተጫን። አትጨምር፣ አትቀንስ። አንዱ ለሌላው የተሰጠውን መመሪያ አያውቅም። ቂም የለም፣ ስድብ የለም፣ የሚያሸንፍም የለም። እንዲያም ሆኖ ግፊቱ በየተራው በአማካይ 38 በመቶ እየጨመረ ሄደ።

38 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። 1 ብለን ብንጀምር ቀጣዩ 1.38 ነው፣ ከዚያ 1.9፣ ከዚያ 2.6፣ ከዚያ 3.6፣ በአምስተኛው ምላሽ 5 ይሞላል። ማንም «ልጨምር» ሳይል፣ ሁለቱም «እኩል ነው የመለስኩት» እያሉ፣ አምስት እጥፍ። ምክንያቱ ያው ግልባጩ ነው። እኔ ስጫን አንጎሌ የራሴን ግፊት ስለሚቀንስብኝ፣ የተሰማኝን ያህል ሰጠሁ ለማለት ከተሰማኝ በላይ መስጠት አለብኝ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የአክስቴን ልጆች ጠብ በሌላ ጆሮ መስማት ጀመርኩ። የሰባትና የዘጠኝ ዓመት ወንዶች ናቸው። በትከሻ መነካካት ይጀመራል፣ በጡጫ ያልቃል። አክስቴ ከወጥ ቤት ስትጮህ ሁለቱም እኩል ያለቅሳሉ፤ «እኔ ቀስ ብዬ ነው የነካሁት! እሱ ግን በኃይል መታኝ!» ትልቁም ይላል፣ ትንሹም ይላል። እኛ ትልልቆቹ ደግሞ ሥራችን የሚዋሸውን መፈለግ ነው። አንዱ ካልዋሸ ነገሩ እንዴት ይሆናል? ግን እኮ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የየራሳቸው እጅ በእርግጥም ቀላል ሆኖ ነው የተሰማቸው።

አማርኛ ይህን ድሮ ያውቀዋል፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ብዙውን ጊዜ ተረቱን ስለ ትዝታ አድርገን ነው የምንሰማው። እኔ ግን ነገሩ ከመርሳትም ቀድሞ የሚጀምር ይመስለኛል። የወጋው ሰው በኋላ ብቻ አይደለም የሚረሳው፤ ሲወጋም የተወጋውን ያህል አልተሰማውም።

እንግዲህ የሞራል ጥያቄው ይኸው ነው። ፍትሐዊ አጸፋ የሚባል ነገር አለ ወይ? «ዓይን ስለ ዓይን» የሚለው ሕግ በሐሙራቢም በኦሪትም አለ፤ ዛሬ ስንሰማው ጨካኝ ይመስለናል። ሲወጣ ግን ጣሪያ ነበር፤ ለዓይን ከዓይን በላይ አትውሰድ ማለት ነው። ዘፍጥረት ላይ ያለውን ላሜሕን አስታውሱ፤ የቃየል በቀል ሰባት እጥፍ ከሆነ የእኔ ሰባ ሰባት ነው ብሎ የፎከረውን። ሕጉ የመጣው እንዲህ ያለውን ስሌት ሊያስቆም ነው። ቁርዓንም በአል-ማኢዳ ምዕራፍ ይህንኑ ሕግ አንስቶ መብቱን ለተወ ሰው ማስተሰረያ እንደሚሆንለት ይናገራል። ሕጉ እኩልነትን ይጠይቃል፤ ሙከራው ደግሞ እኩልነቱን የሚለካው ሚዛን በተበዳዩ እጅ ከተሰጠ እንደሚያዛባ ያሳያል። ተበዳዩ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ አሁን የሚመታው እሱ ስለሆነ እንጂ።

«የጣት ግፊት ሌላ፣ የሰው ጠብ ሌላ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሙከራው የለካው ንክኪን ነው፤ ስለ ቃል፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ፖለቲካ ያረጋገጠው ነገር የለም። እኔ ወደዚያ ስወስደው እንደ ምሳሌ ነው። ግን ምሳሌው ይገጥማል። ቴሌግራም ላይ «እሺ።» ብዬ ስልክ በውስጤ ያለውን ድምፅ አብሬ እየሰማሁ ነው፤ ድካሙን፣ ቀልዱን፣ ክፋት አለመኖሩን። የምትቀበለው ሴት የሚደርሳት ሁለት ፊደልና አራት ነጥብ ብቻ ነው። የእኔን ቃል እኔ ከነሐሳቤ ነው የማውቀው፣ የእሷን ደግሞ ከነሕመሙ። እሷም እንደዚያው። ከዚህ ተነስቶ ኮሜንት ስር የሚደረገው ጦርነት አምስተኛው ምላሽ ላይ የት እንደሚደርስ ሁላችንም አይተናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ይህን እውቀት ለማን ነው የምንነግረው? ሙከራው ላይ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች እኩል ነበሩ፤ ተራ ነበራቸው። ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ ሴት ተራ የላትም። «ሁለታችሁም የተሰማችሁ የየራሳችሁ ነው፣ አንቺም አጋነንሽው» ብንላት በሳይንስ ስም ሁለተኛ መምታት ነው። እንዲያውም ሙከራውን በደንብ ካየነው የሚመሰክረው ለእሷ ነው፤ የራሱን ጉልበት አሳንሶ የሚያየው የመታው ነው። «ትንሽ ነው የነካኋት» የሚል ሰው ሲገጥመን፣ እየዋሸ ባይሆን እንኳን፣ ለመመስከር ብቁ አይደለም።

ሦስተኛው ደግሞ «ታድያ አንጎሌ ከሆነ ያሳሳተኝ እኔ ምን ጥፋት አለብኝ?» የሚለው ነው። ይህን አልቀበልም። የሱቁ ሚዛን እንደሚያጎድል ያላወቀ ነጋዴ ምስኪን ነው። ካወቀ በኋላ በዚያው ሚዛን የሚሸጥ ግን ሌባ ነው። ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከኃላፊነት አያወጣንም፤ አዲስ ኃላፊነት ይጨምርብናል።

ሚዛኑን ማስተካከል አይቻልም ወይ? አንድ የሚገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 እነዚሁ ተመራማሪዎች የስኪዞፍሬንያ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዚህ ሙከራ ከሌሎች ይበልጥ ትክክል ሆነው እንዳገኟቸው አሳተሙ። የራሳቸውን ግፊት ብዙም አይቀንሱትም። ግን ይህ ትክክለኛነት በነፃ አይመጣም፤ ያው የመቀነሻ ሥርዓት ሲላላ የራስ ሐሳብ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ሊሰማ እንደሚችል ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ማለትም «እኔ» የሚባለው ነገር የቆመው በዚሁ ማሳነስ ላይ ይመስላል። ራሴን በራሴነት ለማወቅ ራሴን አሳንሼ መስማት አለብኝ። ስለዚህ ከውስጥ ሆኖ መታረም የሚቻል አይመስለኝም። እርማቱ ከውጭ ነው የሚመጣው።

በ2003ቱ ሙከራ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ክፍል አለ። ሰዎቹ ግፊቱን በጣታቸው መመለሳቸው ቀርቶ ሞተር የሚያዝ ጆይስቲክ ሲሰጣቸው የተጫናቸውን ያህል በትክክል መመለስ ቻሉ። በእነሱና በግፊቱ መሐል ሌላ ነገር ሲገባ ሚዛኑ ቀና።

እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ደም ለማድረቅ የሚገቡ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ሁለቱን ወገን ማራራቅና መልሱን ከእጃቸው መውሰድ ነው። ከዚያ ካሳ ይቆርጣሉ። ካሳ ገንዘብ ወይም ከብት ነው፤ ይቆጠራል። ጡጫ ለሰጪውና ለተቀባዩ እኩል አይደለም፤ አምስት በሬ ግን ለሰጪውም ለተቀባዩም አምስት ነው። ሽምግልናን አላሞግስም። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ብሎ ተደብዳቢዋን ወደ ቤቷ የሚመልስ ሽማግሌ ስንት እናት ገጥሞታል። ሦስተኛ ወገን የሚጠቅመው በእርግጥ ሦስተኛ ሲሆን ብቻ ነው፤ የጠንካራው ዘመድ ከሆነ ያው የመታው እጅ ነው። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፦ የመታም የተመታም ብቻውን አይለካም።

ለተራ ቀኖቻችን፣ ሽማግሌ ለማይጠሩት ጠቦች፣ ሁለት ነገር ይበቃኛል። አንደኛው ስሌት ነው። በየተራው 38 በመቶ የሚጨምር ከሆነ እኩል ለመመለስ እኩል ከሚመስለኝ ከሩብ ትንሽ በላይ መቀነስ ነበረብኝ። ቁጥሩ የጣት ነው፣ ለቃል አይሠራም፤ አቅጣጫው ግን ይሠራል። «አሳነስኩለት» ብዬ የማስበው መልስ ምናልባት ገና እኩል መሆኑ ነው። ትንሽ መተው ሁልጊዜ ደግነት አይደለም፤ አንዳንዴ ሒሳብ ማስተካከል ብቻ ነው።

ሁለተኛው አንድ ጥያቄ ነው። ከጠብ በኋላ «ምን አደረግኩሽ?» ከማለት «ምን ያህል ተሰማሽ?» ማለት። የመጀመሪያውን እኔም አውቀዋለሁ፣ እጁ የእኔ ነበረና። ሁለተኛውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። መልሱ ሲመጣ ደግሞ «ኧረ ይህን ያህልማ አይሆንም» የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ ማቆየት፤ ያቺን የሚናገረው ግልባጩ ነውና።