የትምህርት ቤት ቦርድ ማንን ያስቀድም?

ብዙ ሀብት ያለው ሰው ልቡ በቶሎ አይታወቅም፤ ለሁሉም የሚበቃ ስላለው ማንን እንደሚያስቀድም ለመምረጥ አይገደድምና። ጥቂት ያለው ሰው ግን ያችኑ ጥቂት ሲያካፍል፥ ለማን በፊት ለማን በኋላ እንደ ሰጠ ተመልክተን ሚዛኑን ልናውቅ እንችላለን። አምስት ልጆችና ሁለት እንጀራ ያላት እናት ማንንም ሳታማክር በየቀኑ ትፈርዳለች። እንዲህ ያለው ፍርድ በቤት ውስጥ ሲሆን ፍቅር ይመራዋል፤ በአደባባይ ሲሆን ግን የሚመራው ምንድን ነው? ወጣቶች ሆይ፥ ልመረምረው የፈለግሁት ነገር ይህ ነው፤ ለምሳሌም ሩቅ ሳልሄድ በየቀበሌው ያለውን የትምህርት ቤት ቦርድ እወስዳለሁ።

የትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት በየቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፥ በየትምህርት ቤቱም የወላጆችና የመምህራን ኅብረት እንዲቋቋም ተደርጓል። ከቀበሌው አስተዳደር፥ ከወላጆች፥ ከመምህራንና ከተማሪዎች የተውጣጡ ሰዎች ይቀመጡበታል፤ ርእሰ መምህሩም ጸሐፊ ይሆናል። የዓመቱን ዕቅድ ያያሉ፥ ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ ይቈጣጠራሉ፥ ከሕዝቡ መዋጮ ያሰባስባሉ፥ በመምህርና በወላጅ መካከል ጠብ ሲነሣ ያስታርቃሉ። ለዚህ ሁሉ ድካማቸው ደመወዝ የላቸውም። የመምህራን ደመወዝ ከመንግሥት ስለሚመጣ፥ በእጃቸው የሚገባው ገንዘብ ጠመኔ መግዣ፥ የተሰበረ ወንበር ማሠሪያ፥ የሚያፈስ ጣሪያ መጠገኛ ያህል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የእናቲቱም እንጀራ ሁለት ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ቦርድ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር የሚያስከፍል ዐዋጅ ወጥቶ፥ ገንዘቡን የሚቈጣጠሩ የትምህርት ቦርዶች በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲቋቋሙ ተደርጎ ነበር። ዐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ግብሩን የከፈለው ባላገር ሲሆን፥ ትምህርት ቤቱ የሚበዛው በከተማ ነበር። በሬውን ጠምዶ አፈሩን ገፍቶ የከፈለው ሰው ልጅ ከብት ሲጠብቅ፥ የከተማው ልጅ ፊደል ቈጠረ። ገንዘቡ ባይሰረቅም፥ በደብተርም በትክክል ቢጻፍ እንኳ፥ ወደ ማን እንደ ሄደ ካልተጠየቀ ፍርድ ሊጓደል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ስብሰባው እንግባ። ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል እንበል። አንዱ አባል ተነሥቶ አጥሩ በድንጋይ ይታጠር ይላል፤ ከብት ይገባል፥ ሌሊትም ወንበር ይሰረቃል ብሎ ያስረዳል፤ እውነቱን ነው። ሁለተኛው የፈተና ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድ የማጠናከሪያ ትምህርት ያግኙ ይላል። ሦስተኛዋ፥ ብዙ ጊዜ ሴት ናት፥ የልጃገረዶቹ መጸዳጃ ቤት በርና ውሃ ይኑረው ትላለች። ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አንዲት ልጅ የወር አበባዋ በመጣ ቍጥር ከትምህርት የምትቀር ከሆነ፥ ትምህርት ቤቱ በየወሩ ጥቂት ቀን ይዘጋባታል ማለት ነው፤ ይህ የማይገባው አባል ቢኖር ቤቱ ሄዶ ሴት ልጁን ይጠይቅ። አራተኛውን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አላየሁም። እርሱም የአንደኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

አጥር ይታያል፥ ይመረቃል፥ በበሩም ላይ ስም ይጻፍበታል። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ «ለ»ን ከ«ሰ» ለይቶ ያነበበ ዕለት ግን ሪባን የሚቈርጥ ሰው አይመጣም። ይህ የሰው ባሕርይ ነውና አባላቱን አልወቅሳቸውም፤ ነገር ግን ይህ ባሕርይ እንዳለብን ዐውቀን ልንጠነቀቀው ይገባል።

የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ፥ በሚቀጥለውም ዓመት 3.2 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፥ ሀገሩ ሁሉ ደነገጠ። ድንጋጤውም ወደ ቦርዶች ገባ። ጥሩው መምህር ወደ ላይ ይመደብ፥ መጽሐፉም ገንዘቡም ለተፈታኞቹ ይሁን የሚል ድምፅ በረታ። እኔ ግን ከዚያ አስቀድሞ የሆነ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የሀገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምርመራ ተደርጎ፥ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ቢቀጥል በ2012 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል። እንግዲህ ያስደነገጡን የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች የእነዚያ ልጆች ታናናሾች ናቸው። ዜናው አዲስ ቢሆንም ነገሩ የቈየ ነበር።

ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል እንዴት እንደሚያልፍ ያላስተማረ ሰው አይገባውም። ስድሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ ሁሉንም በአንድነት «በሉ» ሲያስብል፥ የማያውቀው ልጅ ድምፁን በባልንጀሮቹ ድምፅ ውስጥ ይደብቃል። ገጹን በቃሉ ይዞታልና ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ ያነበበ ይመስላል። ከሰሌዳው ሲገለብጥ እጁ ይጽፋል፥ ዓይኑ ግን አያነብም፤ ደብተሩ ንጹሕ ስለ ሆነ መምህሩም ወላጁም ደስ ይላቸዋል። እኔ ገጹን በወረቀት ሸፍኜ አንዲት ቃል ብቻ እያሳየሁ አንድ በአንድ እጠይቃቸው ነበር፤ ያን ጊዜ እውነቱ ይወጣል። ይህ ልጅ በሦስተኛ ክፍል ያፍራል፥ በአምስተኛ ክፍል ይሰለቻል፥ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባም ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንና በራሱ ቋንቋ ያልቈመው ልጅ በሰው ቋንቋ እንዲሮጥ ይታዘዛል። በዚህ ጊዜ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ምን ያደርግለታል?

ለአንደኛ ክፍል የሚያስፈልገው ከድንጋዩ አጥር ያነሰ ነው፤ ክፍሉን ለሁለት መክፈል፥ ጥቂት የተረት መጻሕፍት፥ ከሁሉም በላይ ከመምህራኑ መካከል የበረታውን እዚያ መመደብ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የበረታው መምህር አንደኛ ክፍል አስተምር ሲባል እንደ ቅጣት ይቈጥረዋል፤ ባልደረቦቹም ያዝኑለታል። ስለዚህ ገና የተቀጠረው፥ ወይም ርእሰ መምህሩ ያልወደደው ሰው ይላካል። ይህን ልማድ ገንዘብ አይለውጠውም፤ ቦርዱ ግን ለዚያ መምህር የሚሰጠው ክብር ሊለውጠው ይችላል።

አንድ ብርቱ ክርክር ይቀርብብኛል። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጅ ከበሩ ላይ ደርሷል፥ ዕድሉም አንድ ጊዜ ናት፤ ትንሹ ልጅ ግን ገና ዐሥራ አንድ ዓመት አለው፤ ታዲያ የሚሰምጠውን ትተን ገና በዳር የሚጫወተውን እናስቀድምን? ይህን ክርክር አላቃልለውም፤ ለሁለቱም የሚበቃ ቢገኝ ለሁለቱም ይደረግ። ነገር ግን ትልቁ ልጅ አፍ አለው፤ ቦርዱ ፊት ቆሞ ሊናገር፥ አቤቱታም ሊጽፍ ይችላል። የሰባት ዓመቱ ልጅ የጐደለበትን እንኳ አያውቀውም። ደግሞም «ገና ጊዜ አለው» የሚባለው ቃል በየዓመቱ ይደገማል፤ እየተደገመም ልጁ በሩ ላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ «ጊዜው አልፏል» ይባላል። ለእርሱ የሚሆን ጊዜ መቼ ነበር?

ከዚህ የከፋ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም በፈቃድ የሚሰጥ የሚባለው መዋጮ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። መዋጮው ግን አልቀረም፤ የሀገሬው ሰው ባያዋጣ ኖሮ ብዙ ትምህርት ቤት ባልተሠራ ነበርና መዋጮን በጅምላ አልነቅፍም። የምነቅፈው ፈቃዱ ወደ ግዴታ የሚለወጥበትን መንገድ ነው። እኔ ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት ወላጆቻቸው ያላዋጡ ልጆች ስም ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ይነበብ ነበር። ስሙ የተጠራው ልጅ ከሰልፉ ወጥቶ ለብቻው ይቆማል። ዕዳው የአባቱ፥ እፍረቱ ግን የእርሱ ነው። ከዚያም ወላጅህን አምጣ ተብሎ ይላካል፤ ወላጁ የቀን ሠራተኛ ነውና አንድ ቀን ቢቀር የዚያን ቀን ጉርስ ያጣል፥ ስለዚህ አይመጣም፤ ልጁም ሳምንቱን ይቀራል፥ በኋላም ቀርቶ ይቀራል። ገንዘቡ ለምን ተሰበሰበ ብላችሁ ብትጠይቁ፥ ለልጆቹ ጥቅም ነው።

ስጦታ ስጦታ የሚሆነው እምቢ ማለት ሲቻል ነው። እኔ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ የመማሪያዬን ገንዘብ ያዋጡት በባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ስሜን አያውቁትም፥ እኔም ስማቸውን አላውቀውም፤ ባይሰጡ ኖሮ ማንም ልጃቸውን ከሰልፍ አያስወጣባቸውም ነበር። ቦርዱም መዋጮውን ከተማሪ ምዝገባ ቢለየው፥ ገንዘብ የሌለው ድንጋይ በማቀበል ወይም ጭቃ በመለሰን እንዲያግዝ ቢፈቅድ፥ ያልከፈለውንም ሰው ስም ከሰብሳቢውና ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም እንዳያውቀው ቢያደርግ መልካም ነው። እንዲህ ከሆነማ ብዙ ሰው አይከፍልም የሚሉኝ አሉ። ይሆናል። አጥሩ አንድ ዓመት ይዘግያል እንጂ ከብቶቹ የሚበሉት ሣር ነው።

በመጨረሻ ከሁሉ የተረሱትን ላንሣ። በከተማ ማታ ከሚማሩት መካከል በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጃገረዶች አሉ። ወላጆቻቸው ገጠር ናቸው፤ አሠሪዎቻቸውም ለእነርሱ ብለው ስብሰባ አይመጡም። የወላጆች ስብሰባ እሑድ ረፋድ ላይ ሲጠራ እነርሱ ወጥ እየሠሩ፥ ልብስ እያጠቡ ናቸው። በማውቀው አንድ ቦርድ ውስጥ፥ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ከማታው ትምህርት ቀደም ብለን በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንሰብሰብ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አባላቱ ይመሻል፥ ዝናብም ይመጣል እያሉ ብዙ ተከራከሩና ለሙከራ ይሁን ብለው ተስማሙ። በዚያ ምሽት ስድስት ልጃገረዶች መጡ። ከመካከላቸው አንዷ ብቻ ተናገረች፤ እርሷም የጠየቀችው በክፍላቸው ከተቃጠሉት ሁለት አምፖሎች አንዱ እንኳ እንዲለወጥላቸው ነው።