ቅኝቱ ከክራሩ ሲለይ

ቃታው ይሳባል፣ የተኩሱ ድምፅ ይሰማል፣ ዳክዬዋ ግን አትወድቅም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣውን «ደክ ሀንት» የተባለ ጌም ከነማሽኑና ከነፕላስቲክ ጠመንጃው አቧራውን አራግፎ በዛሬ ፍላት ስክሪን ላይ የሰካ ሰው የሚገጥመው ይኸው ነው። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ጌሙን የያዘው ካርትሪጁም ጠመንጃውም አልተበላሹም። ሥዕሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው ግን እስከ ማታ ቢተኩስ አንዲት ዳክዬ አይጥልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ጠመንጃ ምንም ነገር አይተኩስም፤ የሚያይ ዓይን ነው። ቃታው ሲሳብ ማሽኑ ስክሪኑን ለቅጽበት ያጠቁረዋል፤ ወዲያው ዳክዬዋ በነበረችበት ቦታ ላይ ነጭ ሳጥን ይስላል። በአፈሙዙ ውስጥ የተቀመጠችው ብርሃን ለቃሚ ነጩን ካየች ዳክዬዋ ተመታች ማለት ነው። ቅጽበቷ አንድ ሴኮንድ ለ60 ተካፍሎ የሚገኘውን ያህል ነች። ከኋላው ወፍራም የነበረው የድሮ ቴሌቪዥን ምልክቱ እንደደረሰው መስመር በመስመር ያበራዋል። ፍላት ስክሪን ግን ሥዕሉን ተቀብሎ፣ ለጥጦ፣ አሰናድቶ ነው የሚያሳየው። ነጩ ሳጥን ብቅ በሚልበት ጊዜ ማሽኑ መጠበቁን ትቷል። በዚያ ላይ ጠመንጃው የተሠራው የድሮው ቴሌቪዥን መስመር ሲስል የሚፈጥረውን ፈጣን ብልጭታ እንጂ ሌላ ብርሃን እንዳይቀበል ተደርጎ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ዕቃ በቦታው ሳለ የጠፋው ምንድን ነው? የድሮ ጌሞችን በዘመናዊ መሣሪያ ለመጫወት የሚደክሙ ሰዎች የኬብልና የሶፍትዌር ጉዳይ የያዙ ይመስላቸዋል፤ የያዙት ግን ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ የተከራከሩበትን ጥያቄ ነው።

ፕላቶን «ፋይዶን» በተባለው መጽሐፉ፣ ሶቅራጥስ መርዙን በሚጠጣበት ዕለት ሲምያስ የተባለ ወዳጁ ያነሣበትን ሙግት ጽፏል። ነፍስ ለሥጋ ቅኝት ለክራር እንደሆነው ብትሆንስ? ይላል ሲምያስ። ቅኝት አይዳሰስም፣ አይታይም፣ እጅግም ያማረ ነው፤ እንጨቱና ክሩ ግን ይሰበራል፣ ይበጠሳል። ታዲያ ክራሩ ሲሰበር ቅኝቱ ወዴት ይሄዳል? ሶቅራጥስ ስለ ሰው ነፍስ ይህን ምሳሌ አልተቀበለም። ለጌም ግን ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል። ክራር ለሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ምሳሌው ራሱ መንገድ ይጠቁማል፦ ቅኝት ያለ ክር አይሰማም፤ ቢሆንም አንድ ክራር ስለተሰበረ ትዝታ አልሞተም። ሌላ ክራር ላይ ይቃኛል፤ ኪቦርድም ላይ ተጫውተውታል። ቁም ነገሩ በትክክል መቃኘቱ ነው።

ብዙ የቴክኒክ ሰዎች ጌሙ ማለት ኮዱ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ሁለመናው 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶ ከእሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ኮድ ከካርትሪጁ ቺፕ ላይ አንዲት ቁጥር ሳትጎድል ይገለበጣል። ከዚያ ኢሙሌተር የሚባል ሶፍትዌር ኮምፒውተር ወይም ስልክ ውስጥ ተቀምጦ፣ የጥንቱ ማሽን ይመልስ የነበረውን እያንዳንዱን መልስ ለኮዱ ይመልስለታል። ኮዱ ከማን ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ አያውቅም። ኒንቴንዶ ራሱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 30 ጌሞች የያዘች ትንሽ ሣጥን ሲሸጥ ከውስጧ የ1980ዎቹ ቺፕ አልነበረም፤ የነበረው ኢሙሌተር ነው።

በቀጣዩ ዓመት የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። «ስታር ፎክስ 2» የተባለው ጌም በ1990ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ አልቆ ሳለ ኩባንያው ለገበያ ሳያወጣው ቀረ። ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በመስከረም 2017፣ ሱፐር ኒንቴንዶ የተባለውን የድሮ ማሽን በምትመስል አዲስ ሣጥን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ በይፋ ወጣ። የተጻፈለት ማሽን ላይ በይፋ ሳይሸጥ፣ በኢሙሌተር ተወለደ ማለት ነው። እዚህ ላይ ዋናው የቱ ነው፣ ቅጂውስ የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያጣል፤ «ጌሙ ኮዱ ነው» የሚለው ወገንም ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

ሆኖም መልሱ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ያን ሁሉ ጠላት በአንድ ጊዜ እያንቀሳቀሰ ለመሳል አቅም አነሰው። ተጫዋቹ አንድ በአንድ ሲጥላቸው ሥራው እየቀለለ፣ የቀሩት እየፈጠኑ መጡ። ኒሺካዶ ይህን እንደ ጉድለት አላረመውም፤ ተወው። ዛሬ ያን ጌም የሚያስታውስ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እጅን በላብ የሚያጠምቀውን የመጨረሻዎቹን ጠላቶች ፍጥነት ነው። የማሽኑ ድካም የጌሙ ልብ ሆነ። ከማሽኑ የተለየች ንጹሕ «ነፍስ» አለች ብሎ ማሰብ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ቴሌቪዥኑም እንዲሁ የጌሙ አካል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው «ሶኒክ ዘ ሄጅሆግ» የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ያለው ፏፏቴ የተሣለው በቀጫጭን ቋሚ መስመሮች፣ አንዱን እየዘለለ ነው። በዘመኑ ኬብልና በዘመኑ ቴሌቪዥን መስመሮቹ እርስ በርስ ይዋሐዱና ከጀርባው ያለው የሚታይበት ውኃ ይሆናሉ። በዛሬ ጥርት ያለ ስክሪን ግን እንደ አጥር ተገትረው ይታያሉ። ሠዓሊዎቹ ብዥታውን እንደ ቀለም ቀላቅለው ሠርተውበት ነበር፤ ስለዚህ ሥዕሉን ማጥራት እነሱ ያሰቡትን ሥዕል ማጥፋት ሆነ። የድሮውን ቴሌቪዥን መስመርና ብዥታ የሚመስሉ ማጣሪያዎች ኢሙሌተሮች ውስጥ የተጨመሩት ለዚህ ነው፤ ለናፍቆት ሲባል ብቻ የተደረገ ጌጥ አድርጎ የሚያያቸው ሰው ይሳሳታል።

ታማኝነት እስከ ምን ድረስ ነው? ባይዩ በሚል ስም ይታወቅ የነበረ ፕሮግራመር ቢኤስኤንኢኤስ የተባለውን የሱፐር ኒንቴንዶ ኢሙሌተር ሲሠራ የያዘው አቋም ጥብቅ ነበር፦ የማሽኑ እያንዳንዷ ጠባይ፣ ስሕተቷ ጭምር፣ ትመሰል። ለምሳሌ ስፒዲ ጎንዛሌዝ ስለተባለው የካርቱን ገጸ ባሕርይ በተሠራው ጌም መጨረሻ አካባቢ፣ ተጫዋቹ አንድ ማብሪያ ሲነካ ፕሮግራሙ ምንም ከሌለበት የማስታወሻ አድራሻ ለማንበብ ይሞክራል። እውነተኛው ማሽን ላይ በሽቦዎቹ የቀረው ትርፍራፊ ዋጋ መልስ ሆኖ ያሳልፈዋል። ይህን ያልመሰለ ኢሙሌተር ላይ ጌሙ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ባይዩ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳስረዳው፣ በ1990 የወጣን ማሽን በዚህ ደረጃ ለመምሰል 3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር ያስፈልግ ነበር። ለአንድ የልጆች ጌም ይህ ሁሉ ድካም የበዛ ይመስላል። ግን የትኛዋ ጠባይ ጌሙን እንደምትሸከም ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ ስለዚህ የባይዩ ጥብቅነት ትክክል ነበር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኤፍፒጂኤ የሚባል ቺፕ ለድሮ ጌሞች ሥራ ላይ ውሏል፤ ውስጣዊ አወቃቀሩ እንደገና ሊደረደር የሚችል ነው። ሚስተር የተባለው ፕሮጀክት ከ2017 ጀምሮ በዚህ ቺፕ የድሮ ማሽኖችን ሰርኪውት እንደገና ይገነባል። ደጋፊዎቹ «ይህ ማስመሰል ሳይሆን ማሽኑ ራሱ ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ማጋነን አለ። ቺፑ የሚደረደረው ሰው አጥንቶ በጻፈው መግለጫ ነው፤ መግለጫው ከተሳሳተ ቺፑም አብሮ ይሳሳታል። ጥንካሬው ሌላ ቦታ ነው፦ የማሽኑ ክፍሎች ሁሉ እንደ ድሮው በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ጊዜን አያዛባም።

የክርክሩ ቋጠሮ የሚፈታውም እዚሁ ጊዜ ላይ ነው። ማሪዮ ገደል ጫፍ ሲደርስ ጣት ትጫናለች፣ ማሪዮ ይዘላል፣ ዓይን ያያል፣ ጣት ትለቃለች። የመጀመሪያው ማሽን ይህን ከቅጽበት በማይበልጥ ጊዜ ይመልስ ነበር። ገመድ የሌለው ጆይስቲክ ትንሽ ያዘገያል፣ ኢሙሌተሩ ትንሽ ይጨምራል፣ ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ለማሳመር ሲል ከሁሉም የባሰ ይጨምራል። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ገደል የሚገባ ሰው እጁ ያረጀ ይመስለዋል። እጁ ደህና ነው፤ የዘገየው ስክሪኑ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች «ጌም ሞድ» የሚባል ማስተካከያ አላቸው፤ እሱን ማብራት ብቻ ብዙውን ያክማል። የድሮውን ማሽን ራሱን መጠቀም ለሚሻም ምልክቱን ሳያዘገይ ለአዲሱ ስክሪን የሚተረጉሙ ኦኤስኤስሲና ሬትሮቲንክ የመሳሰሉ ትንንሽ ሣጥኖች አሉ።

ጌም በእጅና በዓይን መካከል የሚሆን ድርጊት ነው። ቅኝት ክሮቹ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና እንደሆነ ሁሉ፣ ጌምም የጣትና የስክሪን ዝምድና ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠበቀው ጊዜው ነው፤ ሥዕሉ ይከተላል፤ ፕላስቲኩ መጨረሻ ነው። ኮዱ ሳይዛነፍ፣ ማሽኑ ሳይቀየር «ደክ ሀንት» የሞተው ጊዜው ስለተሰበረ ነው።

አሪስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ማየት የማይችል ዓይን ስሙ ብቻ ዓይን ነው፣ ከድንጋይ እንደተቀረጸ ዓይን ማለት ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 አሜሪካ ውስጥ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ አንድ «ሱፐር ማሪዮ 64» በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ዋጋው የተሰቀለው ማንም ስላልተጫወተው ነው፤ ቢከፈት ዋጋው ይወርዳል። ያ ሣጥን የድንጋይ ዓይን ነው። ርካሽ ስልክ ላይ በተሰነጠቀ ስክሪን ማሪዮን የሚያዘልል ልጅ ከገዢው ይልቅ ለጌሙ የቀረበ ነው።

ልጁ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ኮዱን ከየት አመጣው? «አትስረቅ» የሚለው ትእዛዝ ጌም ላይ ሲደርስ አይቀልም። ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ሕገ ወጥ አለመሆኑ እንዲረጋገጥ፣ ሶኒ ኢሙሌተር በሠራ ኮኔክቲክስ በተባለ ኩባንያ ላይ ባነሣው ክስ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 የሰጠው ውሳኔ አግዟል። ጌሙን ያለፈቃድ ገልብጦ ማከፋፈል ግን ሌላ ነገር ነው። የሠሩት ሰዎች ላባቸው አለበት፤ እየተሸጠ ያለን ጌም በነፃ የሚወስድ ሰው ይሰርቃል፣ ለዚህ ማስተባበያ አያስፈልግም። ችግሩ የማይሸጠው ላይ ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ይፋ ያደረገው ጥናት እንዳሳየው ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ አልነበሩም። ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ጌሞች ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያስጠቅሙ የቀረበው ጥያቄም በጥቅምት 2024 በአሜሪካ የቅጂ መብት ባለሥልጣናት ውድቅ ሆኗል። አንዱ ምክንያት ሰዎች ለመዝናናት ይጫወቱባቸዋል የሚል ስጋት ነበር። ጌም ግን ካልተጫወቱት አይጠናም። መጽሐፍን ማንበብ ከልክሎ ሽፋኑን ብቻ ማሳየትን የሚመስል ውሳኔ ነው፤ ትክክልም አይደለም።

እስካሁን የተነሣው ሁሉ በሚሊዮን ቅጂ ያለ ነገር ነው። አንድ ብቻ የሆነ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ከገባው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» ጀምሮ ብዙ ካርትሪጆች በውስጣቸው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለቻቸው። ተጫዋቹ የጻፈውን ስምና የደረሰበትን ቦታ፣ ሴቭ የሚባለውን፣ የምታቆየው እሷ ናት። የዳዊት መጽሐፍ ቃሉ በየትም አንድ ነው፤ አንድ የብራና ዳዊት ኅዳግ ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ግን እዚያ ብቻ ይገኛል። የካርትሪጁ ሴቭም እንዲሁ ነው። ዛሬ በሕይወት የሌለ ወንድም በልጅነቱ የጻፈው ስም በአንድ መሳቢያ ውስጥ በዚያች ባትሪ ኃይል እስካሁን ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ካርትሪጅ ቤቱ ያለው አንባቢ ባትሪውን በችኮላ አይንቀል፤ ሲነቀል ስሙ አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ በዩኤስቢ የሚሠራ የካርትሪጅ ማንበቢያ ወይም ያለው ባለሙያ ፈልጎ ሴቭውን ኮምፒውተር ላይ ይገልብጥ፤ ከዚያ ባትሪውን ይቀይር፤ ከዚያም ሴቭውን ይመልሰው። ብዙዎቹ ባትሪዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋልና ዘንድሮ ያድርገው።