ምሕረትን ሰጥቶ መልሶ ስለ መውሰድ

በጣና ዳር ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ የሚያገለግሉ አንድ ካህን ባለፈው ዐቢይ ጾም ወደ ባሕር ዳር መጥተው አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ደም ያለበት ሰው ሸሽቶ ዱር ገብቷል፤ የሟቹም ወገኖች የአገሩም ሹሞች፥ «ምረነዋል፤ እርስዎ መስቀልዎን ይዘው ሄደው ያስገቡት» ብለዋቸዋል። እርሳቸውም፥ «ቃላቸውን አምኜ ባስገባው፥ ኋላም ቃላቸውን ቢያፈርሱ፥ የዚያ ሰው ደም በማን ላይ ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁን። በዚያን ቀን የሰጠነው መልስ ያልበሰለ ነበረና ነገሩን በጽሕፈት ልንመረምረው ወደድን።

ይህ ጥያቄ ለጣና እንግዳ አይደለም። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ታላቁ ዐፄ ኢያሱ በ1698 ዓ.ም. ከሐዘን የተነሣ ወደ ጣና ገለል ባሉ ጊዜ፥ መኳንንቱ ከእቴጌ መለኮታዊት ጋራ መክረው ልጇን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ኢያሱም በሕመም ተይዘው በሐይቁ ሳሉ በጥቅምት 1699 ዓ.ም. ከልጃቸው ወገን በመጡ ሰዎች እጅ ተገደሉ፤ ሥጋቸውም በምጥራሃ ደሴት ዐረፈ። አቤሴሎም አባቱን አሳደደ እንጂ አልገደለም፤ በዚህ ግን ተፈጸመ። ልጁም ሁለት ዓመት ያህል ነግሦ በ1700 ዓ.ም. እርሱ ራሱ በመኳንንቱ ተገደለ።

ከዚያ በኋላ የሟቹ ወንድም ዐፄ ቴዎፍሎስ ነገሡ። በታሪክ እንደሚነገረው በመጀመሪያ የወንድማቸውን ደም እንደማይበቀሉ አስታወቁ፤ ጥቂት ቆይተው ግን በግድያው ያሉበትን አስያዙ፥ መለኮታዊትንም ከሌሎቹ ጋራ በሞት ቀጡ።

ነፍሰ ገዳዮች መቀጣታቸው አያስደንቀንም። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ባለ ሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ አስተምሯል፤ ንጉሥን መግደልም በየትኛውም አገር ሕግ ከክሕደት ሁሉ የከፋው ነው። እኛን የሚያስጨንቀን በሞቱና በፍርዱ መካከል የተነገረው ቃል ነው። ንጉሡ በነገሡበት ቀን «በሕግ እንፈርዳለን» ብለው ቢሆን ኖሮ የሚነቅፋቸው ባልተገኘ ነበር። ጥፋተኛውም የሚመጣበትን ዐውቆ፥ ወይ ወደ ገዳም ሸሽቶ ደወል ደውሎ ይማጸናል፥ ወይ ለፍርድ ይቀርባል። ምሕረት የሰማ ሰው ግን በቤቱ ይቀመጣል። እንግዲህ ያ የምሕረት ቃል የወታደርን ሥራ ሠራ፤ ሰውን ይዞ አቆየ።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። በአገራችን የቆየ ልማድ ዳኛው በነፍሰ ገዳይ ላይ ከፈረደ በኋላ ለደሙ ባለቤት አሳልፎ ይሰጠው ነበር፤ የደሙ ባለቤትም ወይ ይገድላል፥ ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምራል። ዳኛውና ደመኛው ሁለት ስለ ሆኑ፥ በመካከላቸው ካህናትና ሽማግሌዎች የሚቆሙበት ሥፍራ ነበረ። በቴዎፍሎስ ጊዜ ግን ዳኛውም ደመኛውም አንድ ሰው ሆኑ። ንጉሡ ምረው ወንድሙ አልማረ እንደ ሆነ ማን ይለያል?

የእንግሊዝ አገር ታሪክም ተመሳሳይ ነገር አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1351 ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ባወጣው ሕግ ክሕደት የሚባለው ምን እንደ ሆነ ተወሰነ፤ የንጉሥን ሞት ማሰብ፥ በንጉሥ ላይ ጦር ማንሣት፥ ጠላቶቹንም መርዳት በዚያ ውስጥ ተቈጠሩ። ቅጣቱ እጅግ የከፋ ነበረ፤ ከሓዲው በመሬት ተጎትቶ፥ ተሰቅሎ፥ ገላው ይቈራረጥ ነበር። ንብረቱም ይወረስ ስለ ነበረ ልጆቹ በአባታቸው ጥፋት ይደኸዩ ነበር፤ ይህ ውርስ እስከ 1870 አልተሻረም። ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ካስተማረ ስንት ዘመን ኖሮታል!

በዚያው አገር በ1649 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በተገዢዎቹ ተፈርዶበት ተገደለ። ልጁ በ1660 በተመለሰ ጊዜ የምሕረትና የመርሳት ሕግ ወጣ፤ ሕጉም ከምሕረት ውጭ የሆኑትን በስማቸው ዘረዘረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ዐሥር ሰዎች ተገደሉ፤ በንጉሡ ጥሪ እጃቸውን ከሰጡት አብዛኞቹ ግን ከሞት ተርፈው ታሰሩ። በማግስቱ ዓመት የክሮምዌልን ሬሳ ከመቃብር አውጥተው መስቀላቸውን አናመሰግንም፤ ሬሳን መቅጣት ምን ፍትሕ እንደ ሆነ አይገባንም። ይሁን እንጂ በስም የተለየው ሰው መለየቱን ያውቅ ነበር።

የመጽሐፈ ነገሥት አንባቢ ሳሚን ያነሣብን ይሆናል። ዳዊት እንደማይገድለው ምሎለት ሳለ፥ በሞቱ ጊዜ ነገሩን ለሰሎሞን አደራ አለ። ይህን አንሸሽግም። ነገር ግን ከዚህ ይልቅ የገባዖንን ሰዎች ነገር አስበልጠን እናያለን። እነርሱ እስራኤልን አታልለው ቃል ኪዳን ተቀበሉ፤ በማታለል የተገኘው መሐላ እንኳ ጸንቶ ኖረ። ሳኦል ባፈረሰው ጊዜ ግን በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኃብ ሆነ። ለማይገባው ሰው የተሰጠ ቃል እንኳ ይህን ያህል ከከበደ፥ በመስቀል ፊት የተሰጠው እንዴት ይሆን?

የዛሬው የአገራችን ሕግ ምሕረትንና ይቅርታን ይለያል፤ ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል፥ ምሕረት ግን ጥፋቱን ራሱን እንዳልተፈረደበት ያደርገዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ዘር ማጥፋትን፥ ሰውን መሰወርን፥ ያለ ፍርድ መግደልንና ማሠቃየትን በምሕረትም በይቅርታም እንዳይታለፉ አስቀድሞ ለይቷል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በክሕደትና በሕገ መንግሥት ላይ በመነሣት ለተከሰሱ የምሕረት ሕግ ወጣ። ዓመት ሳይሞላ፥ በሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚህችው በባሕር ዳር የክልሉ ርእሰ መስተዳድርና ሌሎች ባለሥልጣኖች ተገደሉ፤ መንግሥት ግድያውን መርተዋል ያላቸውም ጄኔራል በ2010 ዓ.ም. ከእስር ተፈትተው የነበሩ ናቸው። መማር አደጋ አለው የሚል ሰው ይህን ቢያነሣብን አንክድም። የፈራ ሰው ግን አስቀድሞ አልምርም ይበል፤ ምሮ መመለስ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ለካህኑ እንዲህ ብለን ጻፍን። ዳኛው ለብቻው፥ የደሙ ባለቤቶችም ለብቻቸው ቃላቸውን ይስጡ፤ ከምሕረቱ ውጭ የሚቀር ነገር ካለ ሰውየው ከዱር ሳይወጣ ይስማው፤ ነገሩም ሁሉ በጽሕፈት ይሁን፤ ካልሆነ መስቀሉን አያንሡ። ካህኑም እንዲሁ አደረጉ። ሹሞቹ ፈረሙ፤ የሟቹም አባት ፈረመ፤ ከወንድሞቹ አንዱ ግን እጁን ሳያኖር ቀረ። ደብዳቤያቸው እስከ ደረሰን ቀን ድረስ ወደ ዱሩ አልወጡም፤ በየሰንበቱ ግን ወደዚያ ወንድም ቤት ይሄዳሉ።