የሌላውን ሰነድ ከመቅዳትህ በፊት

ልጄ፣ ለውኃ ፕሮጀክቱ የአሠራር ሰነድ አዘጋጅ መባልህን ሰማሁ። መጀመሪያ የሚመጣብህ ፈተና ያለፈውን ፕሮጀክት ሰነድ ከፍቶ ስሙን ብቻ መቀየር ነው። አለቆችህም ይወዱልሃል፤ ቶሎ ያልቃልና።

አሪያን 5 ሮኬት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1996 በተነሣ በ40 ሰኮንድ ገደማ የተበታተነው በዚሁ ዓይነት አካሄድ ነው። የአቅጣጫ መለኪያው ሶፍትዌር በአሪያን 4 ላይ በደንብ ሠርቷል ተብሎ እንዳለ ተወሰደ። የአዲሱ ሮኬት አግድም ፍጥነት ግን ቶሎ ያድጋል፤ ቁጥሩ ከተመደበለት 16 ቢት በላይ ሆነ። የሚያስቆጨው፣ ያን ቁጥር የሚያወጣው ስሌት ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ለአሪያን 5 ምንም አይፈይድለትም ነበር። በአዲሱ የበረራ መስመርም አልተፈተነም። አንተ የምትቀዳው ኮድ ሳይሆን አሠራር ነው፤ በሽታው ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ፕሮጀክቱን በየክፍሉ ለይና፣ ዛሬ የወሰንነውን በኋላ ብንቀይረው ምን ያስከፍለናል ብለህ ጠይቅ። ፓምፑን ተመልከት። ጨረታው አልቆ፣ ኤልሲ ተከፍቶ፣ ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ መሠረቱ ብሎኖቹን ይዞ ደርቋል። እዚህ ላይ «በየሁለት ሳምንቱ እያሻሻልን እንሄዳለን» ማለት ቀልድ ነው፤ ንድፉ አስቀድሞ ይለቅ፣ ይገምገም፣ ይፈረምበት። የኦፕሬተሩ ስክሪን ግን ሌላ ነው። መቶ ገጽ ከመጻፍህ በፊት ሻካራ ናሙና ሠርተህ ለሌሊት ፈረቃው ሠራተኛ አሳየው። ማንቂያው ለትንሹም ለትልቁም ከጮኸ ድምፁን እንደሚዘጋው ራሱ ይነግርሃል፤ ይህን ቢሮ ተቀምጠህ አታገኘውም።

ታዲያ ሃርድዌሩን በዕቅድ፣ ሶፍትዌሩን በስክረም (በአጭር በአጭር ዙር እያሻሻሉ በመሥራት) ብለህ እንዳትገላገል። የክሎሪኑን መጠን የሚቆጣጠረው ፕሮግራምም ሶፍትዌር ነው። አንድ መስመር ሲነካ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ አብሮ ይነካል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለውጥ ይመዝገብ፣ ከጻፈው ሰው ሌላ የሆነ ይፈትሸው፣ ተሞክሮ ይግባ።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ዋተርፎል የሚባለውን የደረጃ በደረጃ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ዊንስተን ሮይስ፣ በዚያ መልክ ብቻ መሥራት አደገኛ መሆኑን በዚያው ጽሑፉ ላይ ገልጾ ነበር። ሰው ሥዕሉን ወስዶ ማስጠንቀቂያውን ተወው። ከስክረም የጠዋት ስብሰባውን ብቻ የሚቀዱትም እንዲሁ ናቸው።

ከተለመደው አሠራር ለፕሮጀክትህ የማይሆነውን መቀነስ አትፍራ። የቀነስከውን ግን ጻፈው፦ ምን እንደተተወ፣ ለምን፣ ማን እንደተስማማ። በዝምታ የተተወ ፍተሻ በርክክብ ቀን ጠብ ይሆናል፤ ኮንትራክተሩ «ውሉ ላይ የለም» ይላል፣ አማካሪው «የተለመደ ነው» ይላል፣ አንተ መሐል ትቆማለህ።

ረቂቁን ለማኔጅመንት ከማቅረብህ በፊት ሳይት ላይ ላሉት ፎርማንና ኤሌክትሪሺያን አንብብላቸው። የትኛውን ፎርም እንደማይሞሉት ፊት ለፊት ይነግሩሃል፤ እሱን ወይ አስተካክለው ወይ አውጣው። ከዚያ ለእኔም ላክልኝ፤ ቀይ እስክሪብቶዬ ገና አልደረቀም።