ሞረዱን መጨረሻ ላይ አንሣው

ልጄ፣ ከአገር ቤት የመጣ ምንሽር ገዝተህ «ራሴው እጠግነዋለሁ» ስትለኝ ደስም አለኝ፣ ሠጋሁም። ደስ ያለኝ፣ ወጣትነቴን በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ላሳለፍኩ ሰው የእጅ ሥራ የሚወድ ልጅ ማየት ትልቅ ነገር ስለሆነ ነው። የሠጋሁት ደግሞ ጠመንጃውን ገና ሳትፈትሽ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት መግዛትህን ስለነገርከኝ ነው። ሞረድ የበላውን ብረት ማንም አይመልሰውም። ሐኪም ሳይመረምር እንደማይቆርጥ አንተም ችግሩ የት እንዳለ ሳታውቅ ብረት አትንካ።

ከሁሉ በፊት የያዝከውን እወቅ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወጥተው አሜሪካ የገቡት አሮጌ ጠመንጃዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ቤልጅጉ አለ፣ የጀርመኑ ምንሽር አለ፣ የጣሊያኑ ካርካኖ አለ፣ ከእሱ የቀደመው ቬተርሊም አለ። አሜሪካና ኢትዮጵያ በ1945 ዓ.ም. የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የታጠቅነው ኤም 1 ካርባይንም አብሮ መጥቷል። ምንሽሩ በአብዛኛው 7.92 ሚሊ ሜትር ነው፣ ካርካኖው 6.5፣ ካርባይኑ 7.62። እነዚህ መሣሪያዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው፤ አፈሙዛቸው የተቀየረ፣ ማቀባበያቸው ከሌላ ጠመንጃ የተወሰደ አሉ። ስለዚህ ሻጩ የነገረህን ብቻ ይዘህ ጥይት አትግዛ፤ ባለሙያ አስለካው።

ቬተርሊ ካጋጠመህ ነገሩ አጭር ነው። ይህ ጠመንጃ የመጣው በ1870 እ.ኤ.አ. ሲሆን የተሠራውም ለ10.4 ሚሊ ሜትር የጥቁር ባሩድ ጥይት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያኖች መሣሪያ ሲያጥራቸው ብዙዎቹን የካርካኖ 6.5 እንዲጎርሱ አድርገው ቀየሯቸው። አካሉ ግን ያው የድሮው ነው፤ የአዲሱ ባሩድ ግፊት ይከብደዋል። ግድግዳ ላይ ስቀለው፤ አትተኩስበት።

ሕጉንም አትርሳ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የራስህን ጠመንጃ ስትጠግን የጥገና ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሌላ ሰው በገንዘብ መሥራት ከጀመርክ ግን ይጠየቃል። የምትኖርበት ግዛት የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም ጠይቅ። ተከታታይ ቁጥሩን መፋቅ ወንጀል ነው፤ አፈሙዙን ከ16 ኢንች በታች ማሳጠርም ልዩ ፈቃድ ካልያዝክ ያስከስሳል። አገር ቤት የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ እዚህ የተማርከውን እዚያ ዘመድ ቤት ሄደህ ሳትጠይቅ እንዳትሞክረው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጠመንጃው ጠረጴዛህ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጥይቶቹ ሌላ ክፍል ይቀመጡ። ማቀባበያውን ክፈትና ጥይት የሚገባበትን በዓይንህ እይ፤ ዓይንህን ብቻ አትመን፣ ጣትህን አስገብተህ ዳብስ። ቡና ልትጠጣ ተነሥተህ ስትመለስም እንደገና ዳብስ።

ልምድ ያስተማረኝን ልንገርህ፤ ጠመንጃ «ተበላሸ» ከተባለባቸው አጋጣሚዎች አብዛኞቹ ከሦስት ነገር አያልፉም፦ ቆሻሻ፣ ጥይት፣ የደከመ ሞላ። አንድ የሠፈራችን ልጅ ካርባይኑ ጥይት አልጎርስ ብሎት ጥይቱ የሚንሸራተትበትን ብረት ሊሞርደው ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ያመጣው የጥይት ካርታ አንድ ብቻ ነው። ከንፈሩን ስናየው በአንድ ወገን ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ ጥይቷ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ትቆምና የአፈሙዙን ሥር ትነክሳለች። ሌላ ካርታ ሰጠሁትና በባዶ ቀለህ የተሠሩ የሙከራ ጥይቶችን በእጁ እየሳበ አሳለፋቸው፤ ሁሉም ያለችግር ጎረሱ። በራሱ በሚጎርስና በሚተፋ መሣሪያ ላይ ከካርታው ጀምር፣ ከዚያ መላሹን ሞላ እይ፣ ከዚያ ቀለህ የሚስበውን መንጠቆ። ካርካኖ ላይ ደግሞ ስድስቱን ጥይት የሚያቅፈው የቆርቆሮ ማቀፊያ ከሌለ ጠመንጃው በቅጡ አይጎርስም፤ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ጤነኛ ጠመንጃ ሲፈቱ ውለው ያድራሉ።

ቃታ ስበህ ጥይቱ ከከሸፈ መጀመሪያ አትንቀሳቀስ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፤ አሮጌ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ሳስ ያለ «ጧ» ከሰማህ ደግሞ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አፈሙዙን ውስጥ ለውስጥ ሳታይ ሌላ ጥይት አታጉርስ። ከደቂቃው በኋላ የከሸፈችውን ጥይት አውጣና መቀመጫዋ ላይ ያለችውን መለኮሻ በብርሃን እያት። መርፌው የመታው ጠባሳ ጥልቅና መሐል ላይ ከሆነ ጠመንጃህ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ጠባሳው የጣት ጥፍር የጫረው ያህል ሳሳ ካለ ማቀባበያውን ፍታ። የምንሽር ማቀባበያ ሆድ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ቅባት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ሙጫ ይሆናል፤ መርፌው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ጉልበቱ ያልቃል። በነጭ ጋዝ እጠበው፣ አድርቀው፣ ስስ ዘይት ብቻ አስነካው፤ የበዛ ዘይት ነው እንደገና ሙጫ የሚሆነው። ይህም ካልፈታው የመርፌውን ሞላ በአዲስ ለውጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጠባሳው ከሳሳ እኔ በጣም ወደምፈራው ነገር ደርሰናል። ጥይቱ ጎርሶ ማቀባበያው ሲዘጋ ከቀለሁ መቀመጫ በስተኋላ የሚቀረው ክፍተት ከልኩ ከበለጠ መርፌው በደንብ አይደርስም። መክሸፉ እንኳ ትንሹ ችግር ነው። ሲተኮስ ቀለሁ ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ይሳሳል፣ ከዚያ ይተረተራል፤ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ያንተ ምንሽር ማቀባበያው ላይ ያለው ቁጥር አካሉ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም ብለኸኛል። ይህ ማለት ማቀባበያው ለሌላ ጠመንጃ ተለክቶ የተገጠመ ነበር ማለት ነው። ልኩ አሁንም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በግምት ግን አይታወቅም።

ለዚህ የተሠሩ የብረት መለኪያዎች አሉ፣ «ጎ» እና «ኖ ጎ» ይባላሉ። መርፌውንና መንጠቆውን አውጥተህ፣ የጥይት መግቢያውን አጽድተህ፣ ማቀባበያውን በሁለት ጣት ብቻ እየገፋህ ትሞክራለህ። በ«ጎ» ላይ መዘጋት አለበት። በ«ኖ ጎ» ላይ መዘጋት የለበትም። ከተዘጋ ጠመንጃው አይተኮስም፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ዘንድ ይሂድ። በጉልበት ገፍተህ አታስዘጋው፤ መለኪያውም አካሉም ይጎዳል። ሰዎች በወረቀትና በፕላስተር ሲለኩ አይቻለሁ፤ ዓይንህ ፊት ለሚፈነዳ ነገር የፕላስተር ልኬት አይበቃም።

ስለ ዝገትም ልንገርህ። በርካሽ የሚሸጠው አሮጌ የ7.92 ወታደራዊ ጥይት፣ የዩጎዝላቪያውም የሩማንያውም፣ መለኮሻው ሲቃጠል አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ እንደምትኖርበት ቨርጂኒያ ወበቅ በበዛበት አገር አንድ ሌሊት በቂ ነው። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ዘይት ቀብተህ ብታስቀምጠው ዝገቱ ከዘይቱ ሥር ይሠራል። የሚያሟሟው ውኃ ነው። በዚያው ዕለት የፈላ ውኃ ከኋላ በኩል አፍስስ፣ የማቀባበያውን ፊትም እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ወልውለህ ዘይት ቀባ። የአሜሪካ ካርባይን ጥይት ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህ ጠባይ እንዳይኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የካርባይን ነገር ለምንሽርም የሚሠራ እንዳይመስልህ። መወልወያውን ዘንግ ሁልጊዜ ከኋላ አስገባ። ብዙዎቹ የእኛ ጠመንጃዎች ዒላማ የሚስቱት አፋቸው ጫፍ ላይ ያለው ጠርዝ በብረት ዘንግ ተፍቆ ስለተበላ ነው። ጣትህን አስኪደው፤ ክቡ በአንድ ወገን ከሟሸሸ ያው ነው። ማስተካከያው የማዞሪያ ማሽን ሥራ ስለሆነ ለባለሙያ ተወው።

እንጨቱን በተመለከተ ፎቶውን ስትልክልኝ የሰደፉ አንገት በጠፍር ተጠፍሮ አየሁ። እርጥብ ቆዳ ተጠቅልሎ ሲደርቅ እንጨቱን አንቆ ይይዛል፤ አንድ የእኛ ቀጥቃጭ ወይም ባለቤቱ ራሱ ነው የሠራው። እባክህ አትቁረጠው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ የምታሳምረው መስሎህ ከሆነም ተው፤ የሰዎቹን እጅ ታጠፋለህ፣ ዋጋውንም ትጥላለህ። ጠፍሩ ሥር ያለው ስንጥቅ ግን መታየት አለበት። የታችኞቹን ሁለት ብሎኖች በልካቸው በሆነ ካቻቢቴ ፍታ፣ ብረቱን ከእንጨቱ አንሣ፣ የብረቱ ጅራት ከእንጨቱ ጋር የሚነካካበትን ቦታ እይ። እንጨቱ በዕድሜ ስለሚሟሽሽ ጅራቱ እየገፋ አንገቱን ይሰነጥቃል። ቀጭን የእንጨት ሙጫ በስንጥቁ አስገብተህ በጨርቅ አስረህ አሳድረው፤ ከነጠፍሩ ይሆናል። ስትመልሰው የፊቱን ብሎን አስቀድመህ አጥብቅ፣ የኋላውን ቀጥለህ።

ሁሉም ፈተናውን ካለፈ ለመጀመሪያው ተኩስ ጠመንጃውን ትከሻህ ላይ አታድርገው። በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ ኃላፊዎቹን አስፈቅደህ፣ ማስደገፊያ ላይ እሰረው፤ አንድ የፋብሪካ ጥይት ብቻ አጉርስ፤ ቃታውን ከኋላ ሆነህ በረጅም ገመድ ሳብ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች አሮጌዎቹን ጠባብ አፈሙዞች አስበው የ7.92 ጥይትን ለስለስ አድርገው ስለሚሞሉት ለመጀመሪያው ሙከራ የተሻለው እሱ ነው። ቀለሁን አውጣና ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ ቀለበት እንዳለ እይ፤ ውስጡንም ጫፉን ባጠፍከው ቀጭን ሽቦ ዳብሰው፣ ጎድጎድ ያለ ነገር ሽቦውን ከያዘው እዚያው አቁም። ከሌለ ሁለተኛዋንም በገመድ ተኩስ፣ ሦስተኛዋንም፤ ቀለሆቹን በተራቸው ቁጥር ጽፈህባቸው ይዘህልኝ ና፣ አብረን እናያቸዋለን።